የቲን ክላየንትና የሰርቨር ግንኙነትን ማስጠበቅ፦ ከኬብሉ እስከ ሰርተፍኬቱ

በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አካባቢ ባሉ የቢሮ ሕንፃዎች አንዱን ፎቅ ብዙ ተከራይ ይካፈለዋል። የኔትወርክ ኬብሉ በጋራው ኮሪደር ኮርኒስ ውስጥ ያልፋል፤ የስዊቹ ሣጥን ደረጃ ሥር ወይም ቁልፉ በሕንፃው አስተዳደር እጅ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ 20 ቲን ክላየንት (ሥራውን በኔትወርክ ያለ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ የሚሠራለት አነስተኛ ማሽን) ዘርግቶ የሚሠራ የሒሳብ ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ማሠልጠኛ ከጎረቤቱ ተከራይ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። በተለመደው ኮምፒውተር የሚጻፍ ነገር እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይሠራል። በቲን ክላየንት ግን የተነካው ቁልፍ ሁሉ ወደ ሰርቨሩ፣ የሚታየው ገጽ ሁሉ ከሰርቨሩ በዚያ ኬብል ላይ ይመላለሳል። የታካሚ ስም፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የባንክ የይለፍ ቃል፣ ሁሉም።

ብዙ ሰው «ምስጠራው በርቷል» ሲባል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ቲን ክላየንቱ የሚያናግረው ሰርቨር የድርጅቱ መሆኑን ካላረጋገጠ፣ መሐል የገባ ሰው ራሱን ሰርቨር አስመስሎ የተመሰጠረውን ይቀበላል፣ ይፈታል፣ አንብቦም ወደ እውነተኛው ሰርቨር ያስተላልፈዋል። ፖስታን በሰም አሽጎ ማንነቱን ላልጠየቁት ሰው እንደ መስጠት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ወደ አንድ ውጤት ያመራል፦ ቲን ክላየንቱ ባዕድ ሰርቨር ሲያጋጥመው ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ እምቢ እንዲል።

ለምሳሌ ያህል የምንይዘው አቀማመጥ ይህ ነው። በዋናው ቢሮ 20 ቲን ክላየንት፣ አንድ ሰርቨር፣ ባለ 24 ፖርት ማኔጅድ (ቅንብሩ የሚለወጥ) ስዊች፣ አንድ ራውተር፤ ሜክሲኮ አካባቢ ደግሞ 5 ቲን ክላየንት ያለው ቅርንጫፍ። ቲን ክላየንቶቹ በ10.20.10.0/24፣ ሰርቨሩ በ10.20.20.0/24፣ ቅርንጫፉ በ10.20.30.0/24 ውስጥ ናቸው።

መጀመሪያ ኬብሉ ላይ ምን እየሄደ እንደሆነ እወቁ

አንድም ቅንብር ሳትነኩ የስዊቹን ሚረር ፖርት (የሌላ ፖርት ትራፊክ ቅጂ የሚወጣበትን) ከፍታችሁ የሰርቨሩን ትራፊክ በዋየርሻርክ (ትራፊክ በሚቀዳው ፕሮግራም) ለግማሽ ሰዓት ቅዱ። ከዚያ በፊት ግን ከድርጅቱ ኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የመረጃ ልውውጥን መጥለፍ በወንጀል ያስጠይቃል፤ በጋራ ሕንፃ ደግሞ የጎረቤት ድርጅት ትራፊክ ሳታስቡት በእጃችሁ ሊገባ ይችላል።

በቀዳችሁት ውስጥ የሚከተሉትን ፈልጉ፤ ዩዲፒና ቲሲፒ የመላኪያ ዘዴዎች ናቸው፣ ቁጥሩ ደግሞ የአገልግሎቱ ፖርት ነው።

ዩዲፒ 177 ካያችሁ ኤክስዲኤምሲፒ አለ ማለት ነው። ይህ አሮጌ የሊነክስና የዩኒክስ መግቢያ ዘዴ የይለፍ ቃሉን ጭምር ሳይመሰጠር ያሳልፋል። የሚጠገን ነገር የለውም፤ ይወገዳል። ከቲሲፒ 6000 ጀምሮ ያሉት ፖርቶች የኤክስ11 (የሊነክስና የዩኒክስ የገጽ ማሳያ ዘዴ) ናቸው፤ የቁልፍ ንክኪዎቹ በቁጥር ስለሚሄዱ በቀዳችሁት ፋይል ውስጥ «ደመወዝ» ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ይህ ግን ደህንነት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቁጥር የትኛው ቁልፍ እንደሆነ የታወቀ ነው። ቲሲፒ 5900 ቪኤንሲ (ገጽን ከርቀት ማሳያ) ነው፤ ብዙዎቹ ቪኤንሲዎች ገጹን ሳይመሰጥሩ ይልካሉ። ቲሲፒና ዩዲፒ 3389 አርዲፒ (የዊንዶውስ የርቀት ገጽ)፣ ቲሲፒ 22 ኤስኤስኤች (የተመሰጠረ የርቀት መግቢያ)፣ ቲሲፒ 2049 ኤንኤፍኤስ (ፋይል መጋሪያ)፣ ቲሲፒ 10809 ኤንቢዲ (ዲስክን በኔትወርክ ማቅረቢያ) ነው። በማስነሻው ጊዜ ደግሞ ዩዲፒ 67 እና 68 ለዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያ)፣ ዩዲፒ 69 ለቲኤፍቲፒ (የማስነሻ ፋይል ማውረጃ) ይታያሉ።

አርዲፒ ሲከፈት በመጀመሪያው ፓኬት ውስጥ የተጠቃሚው ስም ሳይመሰጠር ሊታይ ይችላል። ይህ ከቲኤልኤስ (ግንኙነቱን በሰርተፍኬት ከሚመሰጥረው ዘዴ) በፊት የሚላክ የመለያ ምልክት ነው፤ ቀጥሎ የቲኤልኤስ ሰላምታ ከመጣ ምስጠራው እየሠራ ነው። የተጠቃሚ ስሞችን በሠራተኛው ሙሉ ስም ያለማድረግ ግን ከዚህ የተነሣ ጥሩ ልማድ ነው።

ስዊቹ

ቲን ክላየንት ከኔትወርክ ሲነሣ በመጀመሪያ «አድራሻ ማን ይሰጠኛል? የማስነሻ ፋይሉስ የት አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል። ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። ዲኤችሲፒም ሆነ ቲኤፍቲፒ ማንነት የሚያረጋግጡበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ በኮሪደሩ ኬብል ላይ አንድ ትንሽ ላፕቶፕ የሰካ ሰው የራሱን የማስነሻ ፋይል ሰጥቶ ቲን ክላየንቱን ከሥሩ ሊይዘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰርተፍኬት ሁሉ ዋጋ የለውም። ከኔትወርክ ለሚነሣ ማሽን ይህን በዋናነት የሚዘጋው ስዊቹ ነው።

ስዊች ከመግዛታችሁ በፊት በመመሪያው ላይ ሦስት ነገር መኖሩን አረጋግጡ፦ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ፣ ዳይናሚክ ኤአርፒ ኢንስፔክሽን እና ፖርት አይሶሌሽን። በርካሽ የሚሸጡት ማኔጅድ ያልሆኑ ስዊቾች አንዳቸውንም አይችሉም፤ «ስማርት» የሚባሉትም አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ብቻ ይችላሉ።

1. ሦስት ቪላን (በአንድ ስዊች ውስጥ የተለያዩ ኔትወርኮች) ክፈሉ፦ 10 ለቲን ክላየንት፣ 20 ለሰርቨር፣ 40 ለፕሪንተር። ስዊቹን የምታስተዳድሩበት አድራሻ ከእነዚህ ውጪ በራሱ ቪላን ይሁን። ጥቅም ላይ ያልዋለውን ፖርት ሁሉ ዝጉ።

2. በቪላን 10 ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ አብሩ፤ ይህ ካልታመነ ፖርት የሚመጣውን የዲኤችሲፒ መልስ ይጥላል። የታመነ የሚባለው ፖርት ሰርቨሩ ወይም ራውተሩ የተሰካበትና ወደ ሌላ ስዊች የሚሄደው ብቻ ነው። አድራሻ የሚሰጠው ራውተሩ ሆኖ የማስነሻ መረጃውን ሌላ ማሽን በፕሮክሲ ዲኤችሲፒ የሚሰጥ ከሆነ የሁለተኛውም ፖርት መታመን አለበት። ካልታመነ ቲን ክላየንቱ አድራሻ ያገኝና የማስነሻ ፋይል እንደሌለ ተናግሮ ይቆማል።

3. ዳይናሚክ ኤአርፒ ኢንስፔክሽን አብሩ። ይህ አንዱ ማሽን «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ብሎ ኤአርፒ (የትኛው አይፒ የየትኛው ማሽን እንደሆነ የሚናገር መልእክት) እንዳያሰራጭ ይከለክላል። የሚሠራው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ በመዘገበው ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ በእጅ አድራሻ የተሰጠው ፕሪንተር ወይም ካሜራ በሠንጠረዡ ውስጥ አይገኝምና ኤአርፒ ኢንስፔክሽን ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ ይጠፋል። ለእነዚህ አይፒውንና ማክ አድራሻውን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) በእጅ መዝግቡ።

4. የቲን ክላየንት ፖርቶችን አይሶሌት አድርጉ። ቲን ክላየንት ከሌላ ቲን ክላየንት ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት የለም። በብዙ ስዊቾች ይህ መለያየት በአንዱ ስዊች ውስጥ ብቻ ይሠራል፤ ሁለት ስዊች ካላችሁ በመካከላቸው ያለው ክፍተት መዘጋቱን ፈትሹ።

5. በእያንዳንዱ ፖርት ላይ የሚፈቀደውን ማክ አድራሻ አንድ ብቻ አድርጉ። ማክ አድራሻ በቀላሉ ስለሚቀዳ ይህ ለብቻው መከላከያ አይሆንም፤ ግን ሰው ከኮሪደሩ ሶኬት ላይ ትንሽ ስዊች ሰክቶ ሁለት ማሽን ሲያገናኝ ያጋልጠዋል። ቲን ክላየንቱ ከውስጥ ዲስክ የሚነሣ ከሆነ ከዚህ ይልቅ 802.1ኤክስን (ማሽኑ ማንነቱን ካላሳየ ፖርቱን የማይከፍተውን ዘዴ) ከነሰርተፍኬቱ ተጠቀሙ። ከኔትወርክ ለሚነሣ ማሽን ግን 802.1ኤክስ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙዎቹ የኔትወርክ ካርዶች ከመነሣታቸው በፊት ማንነታቸውን የሚያሳዩበት መንገድ የላቸውም።

6. የቲን ክላየንት ፖርቶችን ሁሉ ኤጅ ወይም ፖርትፋስት በሚባለው ሁኔታ ላይ አድርጉ፤ ቢፒዲዩ ጋርድም (ሌላ ስዊች ሲሰካበት ፖርቱን የሚዘጋውን) ጨምሩ። ይህ ካልተደረገ አሮጌው የስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መካከል ዙር እንዳይፈጠር የሚከላከል) አሠራር ፖርቱን 30 ሰከንድ ያህል ያስጠብቃል፤ የማስነሻው ፕሮግራም ግን እስከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚፈጠረው ችግር ብዙ ሰዓት ስለሚያባክን ራሱን ችሎ መታወቅ አለበት። ቲን ክላየንቶቹ በዩፒኤስ ላይ ሆነው ስዊቹ ካልሆነ፣ መብራት ለአፍታ ሲቋረጥ ስዊቹ ብቻ ጠፍቶ ይነሣል። የዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ሠንጠረዥ በማስታወሻው ውስጥ ብቻ የነበረ ከሆነ ባዶ ይሆናል። ቲን ክላየንቶቹ አድራሻቸውን ስላልጣሉ ወዲያው እንደገና ላይጠይቁ ይችላሉ፤ ስዊቹም አያውቃቸውምና ኤአርፒያቸውን ይጥላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፣ ስዊቹ ላይ ግን መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። በዚህ የተማረረ ባለሙያ ኢንስፔክሽኑን አጥፍቶ ይሄዳል፤ መከላከያውም በዚያው ይቀራል። ትክክለኛው መፍትሔ ስዊቹን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ ማድረግና ሠንጠረዡ በስዊቹ ፍላሽ ላይ እንዲቀመጥ ማዘዝ ነው።

የማስነሻ ፋይሉ

ከኔትወርክ የሚነሣ ቲን ክላየንት የሚያወርደው ፋይል በቲኤፍቲፒ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ ቪላኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ በዚያ ፋይል ውስጥ ምስጢር አይቀመጥም። በአዲሱ ኤልቲኤስፒ (የሊነክስ ቲን ክላየንቶችን ከኔትወርክ በሚያስነሣው ሥርዓት) በራሱ እንዲገባ ለተደረገ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል በኤልቲኤስፒ ቅንብር ፋይል ውስጥ ከጻፋችሁ፣ ያ የይለፍ ቃል ተጨማሪው የማስነሻ ፋይል ውስጥ ገብቶ ለሁሉም ይታደላል። እንዲህ ዓይነት ተጠቃሚ የግድ ካስፈለገ ምንም ሥልጣን የሌለውና የጋራ ፋይል የማይከፍት ይሁን።

ኬብሉን ፈጽሞ ማመን ካልቻላችሁ ማስነሻውን ወደ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። አብዛኞቹ ያገለገሉ ቲን ክላየንቶች 8 ወይም 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ሥርዓቱን እዚያ ላይ ጭናችሁ፣ በባዮስ ውስጥ ከኔትወርክና ከዩኤስቢ መነሣትን ዘግታችሁ፣ ባዮሱን በይለፍ ቃል ቆልፉ። ሁለተኛው መንገድ የድርጅታችሁ ሩት ሰርተፍኬት (ሌሎቹን የሚፈርመው ዋናው) አብሮ የተገነባበትን አይፒኤክስኢ (ከኔትወርክ ማስነሻ ፕሮግራም) በፍላሹ ላይ ጭኖ የቀረውን በኤችቲቲፒኤስ ማውረድ ነው። ይህ ሁሉንም ማሽን ከአንድ ቦታ ለማደስ ያመቻል፤ ግን አይፒኤክስኢው የተገነባው ያንኑ ሰርተፍኬት ብቻ እንዲያምን ካልሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሰዓት

ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው የማሽኑ ሰዓት ከተዛባ ትክክለኛው ሰርተፍኬት ሐሰተኛ ይመስላል። ያገለገለ ቲን ክላየንት ስትገዙ ሲአር2032 ባትሪውን ቀይሩት፤ ብዙውን ጊዜ ያለቀ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል።

ሌላው ስህተት የእኛ አገር ብቻ ነው። ባዮሱን የሚያስተካክለው ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ግን ያንን እንደ ፈረንጆቹ 2018 ስለሚያነበው፣ በ2026 የተሰጠ ሰርተፍኬት ለእርሱ ገና ያልጀመረ ነው። ሰዓቱንም ከጠዋቱ 3 ብሎ ለሚሞላ እንዲሁ 6 ሰዓት ይዛነፋል። የሰዓት ልዩነት ደግሞ ለኬርቤሮስ (የተጠቃሚ ማንነት ማረጋገጫ ዘዴ) ከባድ ነው፤ በተለመደው ቅንብር ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ አያስገባም። በባዮሱ ውስጥ የፈረንጆቹን ቀን፣ የሰዓት ክልሉን አፍሪካ አዲስ አበባ (ከዩቲሲ 3 ሰዓት የሚቀድም) አድርጉ፤ ከዚያም ሰርቨሩን ራሱን የኤንቲፒ (የሰዓት ማመሳሰያ) ምንጭ አድርጋችሁ ቲን ክላየንቶቹ ከእርሱ በዩዲፒ 123 እንዲወስዱ አዘዙ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ሁሉም ከአንድ ሰዓት ጋር ይሄዳሉ።

ሰርተፍኬት

ሰርቨሩ ሲጫን በራሱ የሚፈርመው ሰርተፍኬት ለምስጠራ ይበቃል፣ ለማንነት ግን አይበቃም፤ ማንም እንደ እርሱ ያለ ሊፈርም ይችላልና። የድርጅታችሁን ፈራሚ አቋቁሙ፤ ለ25 ቲን ክላየንት ኦፕንኤስኤስኤል ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ላፕቶፑ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም፣ ዲስኩ ይመሰጠራል፣ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። በእርሱ ላይ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሩት ሰርተፍኬት፣ ከዚያ በእርሱ የተፈረመ ለ1 ዓመት የሚያገለግል የሰርቨር ሰርተፍኬት አዘጋጁ። ቁልፉ አርኤስኤ 3072፣ ፊርማው ሻ256 ይሁን። ኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ ይቀላል፤ ነገር ግን የቆየ ሶፍትዌር ያላቸው ቲን ክላየንቶች ላያነቡት ይችላሉ፤ ከመወሰናችሁ በፊት በአንዱ ላይ ሞክሩት።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ስሙ ላይ ነው። ቲን ክላየንቱ የሚደውልበት ስም በሰርተፍኬቱ ተጨማሪ ስሞች መስክ ውስጥ በትክክል መጻፍ አለበት። ሰርተፍኬቱ በስም ተሰጥቶ ቲን ክላየንቱ በ10.20.20.5 የሚገናኝ ከሆነ ማረጋገጫው ይከሽፋል። ሁልጊዜ በስም ተገናኙ። ለውስጥ ስም ዶት ሎካልን አትጠቀሙ፣ ከሌላ የስም መፈለጊያ ዘዴ ጋር ይጋጫል፤ ዶት ኢንተርናል በፈረንጆቹ 2024 ለውስጥ ኔትወርክ ተብሎ ስለተለየ እርሱን ውሰዱ።

ሩት ሰርተፍኬቱን በእያንዳንዱ ቲን ክላየንት ላይ ጫኑ፤ የግል ቁልፉ ግን ከላፕቶፑ አይወጣም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ለተመሠረቱ ቲን ክላየንቶች ፋይሉ በአገር ውስጥ ሰርተፍኬቶች ማህደር ውስጥ ገብቶ የሰርተፍኬት ማደሻው ትእዛዝ ይሰጣል። የፋይሉ ስም በዶት ሲአርቲ ካላለቀ ትእዛዙ ስህተት ሳይናገር ያልፈዋል። ትእዛዙ ሲጨርስ «1 ተጨመረ» የሚል ቁጥር ካላሳያችሁ አልገባም ማለት ነው።

የሰርተፍኬቱ ማብቂያ በፈረንጆች ቀን ስለሚጻፍ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ለውጣችሁ ከ30 ቀን በፊት ማስታወሻ አድርጉ። ማብቂያው ጳጉሜ ወይም መስከረም ላይ እንዳይውል ቀኑን ምረጡ፤ ቢሮው በበዓል በተዘጋበት ሰሞን ማለቁ ከበዓሉ ማግስት ጠዋት ሁሉንም ሠራተኛ ሥራ ያስፈታል።

ዊንዶውስ ሰርቨር ላላቸው

በግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ወደ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት የሴኩሪቲ ክፍል ግቡ። የሴኩሪቲ ሌየሩን ኤስኤስኤል አድርጉ። «ኔጎሺየት» ብላችሁ አትተዉት፤ ያ ከሆነ ቲኤልኤስ የማይችል ማሽን ሲመጣ ወደ አሮጌው የአርዲፒ ምስጠራ ይወርዳል፤ አሮጌው ደግሞ ሰርቨሩን አያረጋግጥም። ቀጥሎ የኔትወርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽንን (ኤንኤልኤ) አስገዳጅ አድርጉ። ይህ ተጠቃሚው ማንነቱን ሳያሳይ ሰርቨሩ ገጽ እንዳይከፍትለት ያደርጋል፤ በግንቦት 2019 (በፈረንጆች) ይፋ የሆነው ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ያለ ይለፍ ቃል በርቀት የሚሠራ በመሆኑ ያን ያህል ያስፈራው ይህ ባልበራባቸው ሰርቨሮች ላይ ነበር። ከዚያ የፈረማችሁትን ሰርተፍኬት ለአርዲፒ መድቡ።

የዊንዶውስ ቲን ክላየንት ከሆነ በሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን ክላየንት ክፍል ውስጥ የሰርቨር ማረጋገጫውን «ማረጋገጫው ካልተሳካ አትገናኝ» በሚለው ላይ አድርጉ። በሊነክስ ቲን ክላየንት ላይ ፍሪአርዲፒ (የአርዲፒ መገናኛ ፕሮግራም) ካለ የሰርተፍኬት አማራጩ «ዲናይ» ይሁን። በብዙ ቲን ክላየንት ላይ የምናገኘው «ኢግኖር» ነው፤ አንድ ሰው የማስጠንቀቂያ መስኮቱ አስቸግሮት ያደረገው ነው። ማስጠንቀቂያው የመጣው ሩት ሰርተፍኬቱ ስላልተጫነ ወይም ስሙ ስላልገጠመ ነበርና የሚታከመው ያ ነው።

ኤክስአርዲፒ በሊነክስ ሰርቨር ላይ

በኤክስአርዲፒ (ሊነክስን በአርዲፒ በሚያቀርበው ፕሮግራም) ቅንብር ፋይል ውስጥ ሴኩሪቲ ሌየርን ከኔጎሺየት ወደ ቲኤልኤስ ለውጡ፣ የሚፈቀዱትን ፕሮቶኮሎች ቲኤልኤስ 1.2 እና 1.3 ብቻ አድርጉ፣ የሰርተፍኬትና የቁልፍ መስመሮቹን ወደ ራሳችሁ ፋይሎች አዙሩ።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ኤክስአርዲፒ የሚሠራው ኤክስአርዲፒ በተባለ ተጠቃሚ ስም ሆኖ የግል ቁልፉን ማንበብ የሚችለው የኤስኤስኤል ሰርት ቡድን አባል ሲሆን ነው። አባል ካልሆነ ቁልፉን መክፈት ያቅተዋል፤ ኔጎሺየት ላይ ከተተወ ደግሞ ምንም ሳይናገር በአሮጌው ምስጠራ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ልዩነቱን አያይም። ተጠቃሚውን ወደ ቡድኑ ጨምሩ፣ የቁልፍ ፋይሉን ፈቃድ 640 አድርጉ፣ አገልግሎቱን አስነሡ፣ በሎግ ፋይሉ ውስጥ ቁልፉ ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» አለመኖሩን እዩ። ኤክስአርዲፒ የኔትወርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽንን ስለማይቀበል የቲን ክላየንቱን የደህንነት አማራጭ ቲኤልኤስ አድርጉት፤ ኤንኤልኤ ብቻ ተብሎ ከተዘጋ አይገናኝም።

ኤልቲኤስፒና ኤስኤስኤች

አሁንም በአሮጌው ኤልቲኤስፒ 5 የሚሠሩ ማሠልጠኛዎች አሉ። መግቢያው ኤልዲኤም የይለፍ ቃሉን በኤስኤስኤች ውስጥ ያሳልፋል፤ ግን ኤልዲኤም ዳይሬክትኤክስ የሚባለው አማራጭ «ትሩ» ከሆነ ከመግባት በኋላ ያለው ገጽና የቁልፍ ንክኪ ሁሉ ሳይመሰጠር ይሄዳል። ብዙዎች ያበሩት ቪዲዮ እንዲፈጥን ብለው ነው። የመግቢያው ቃል ተጠብቆ ከዚያ በኋላ በብራውዘር የሚጻፈው የባንክ ቃል ከተጋለጠ ምን ተጠበቀ? አጥፉት፤ ማሽኑ ለኤስኤስኤች ደካማ ከሆነ ሥርዓቱን በቲን ክላየንቱ ላይ ወደሚያስኬደው አዲሱ ኤልቲኤስፒ ተሸጋገሩ።

በሁለቱም ላይ የሰርቨሩ ማንነት የኤስኤስኤች ሆስት ኪው ነው። የሰርቨሩን የሆስት ኪ ፋይሎች ከሌላ መጠባበቂያ ለይታችሁ አስቀምጡ። ሰርቨሩ እንደገና ሲጫን አዲስ ቁልፍ ከተፈጠረ ቲን ክላየንቶቹ ሁሉ ይከለክሉታል፤ ይህ ትክክለኛ ሥራቸው ነው፤ ነገር ግን የቸኮለ ባለሙያ ማረጋገጫውን ራሱን ያጠፋዋል። አሮጌውን ቁልፍ መልሱ፤ ወይም አዲሱን ለማሰራጨት በኤልቲኤስፒ 5 የኤስኤስኤች ቁልፎችን ማደሻውን ቀጥሎም ኢሜጁን ማደሻውን፣ በአዲሱ ኤልቲኤስፒ ደግሞ የኢንኢትአርዲ ትእዛዙን እንደገና አስኪዱ።

የተጠቃሚዎች ማህደር በተለመደው ኤንኤፍኤስ ከተጋራ ፋይሎቹ ሳይመሰጠሩ ይሄዳሉ፤ ሰርቨሩም የሚያምነው በአይፒ አድራሻና በተጠቃሚ ቁጥር ብቻ ነው። ማህደሩን በኤስኤስኤችኤፍኤስ (ፋይልን በኤስኤስኤች ማጋሪያ) አድርጉ፤ ኤንኤፍኤስ ለማንበብ ብቻ ለተከፈተው የሥርዓቱ ኢሜጅ ይቅር። ኬርቤሮስ ያለው ድርጅት ኤንኤፍኤስን በኬአርቢ5ፒ መመስጠር ይችላል።

በሰርቨሩ በር ላይ

ከቪላን 10 ወደ ሰርቨሩ የምትፈቅዱት ዝርዝር አጭር ነው፦ ዲኤችሲፒ፣ ዲኤንኤስ 53፣ ኤንቲፒ 123፣ ከኔትወርክ ለሚነሡ ቲኤፍቲፒ 69 እና የኢሜጁ ፖርት፣ ከዚያ ወይ 3389 ወይ 22። የቀረው ይዘጋል። ቲኤፍቲፒ በ69 ይጠራል እንጂ ሰርቨሩ የሚመልሰው ከሌላ ፖርት ነው፤ በቪላኖቹ መካከል ያለው ራውተር ይህን ካልተከታተለ ማስነሻው ይጀምርና የመጀመሪያው ፋይል ላይ ይቆማል። በራውተሩ ላይ የቲኤፍቲፒ ተከታታዩን አብሩ ወይም በሰርቨሩ ላይ የፖርት ክልሉን ወስናችሁ ያንን ብቻ ክፈቱ።

ፕሪንተሩም አይረሳ። በቲሲፒ 9100 የሚሄድ ሰነድ አይመሰጠርም፤ በሰርቨሩ ላይ በጥንቃቄ የተሠራው የደመወዝ ወረቀት በዚያ ኬብል ላይ ገሃድ ይወጣል። ፕሪንተሩ አይፒፒን (የኔትወርክ ኅትመት ዘዴን) በቲኤልኤስ ከቻለ በፖርት 631 አድርጉት፤ ካልቻለ በቪላን 40 ውስጥ ሆኖ ከሰርቨሩ በቀር ማንም አይድረስበት።

የሜክሲኮው ቅርንጫፍ

3389ን ለኢንተርኔት ከፍቶ በይለፍ ቃል ብቻ መተማመን አይሆንም። በሁለቱ ራውተሮች መካከል የዋይርጋርድ (የተመሰጠረ ቪፒኤን) መስመር ዘርጉ፤ ራውተርኦኤስ 7 ያላቸው ሚክሮቲክ ራውተሮች ይችሉታል፤ ሊነክስም ከከርነል 5.6 ጀምሮ በውስጡ ይዞታል።

እያንዳንዱ ራውተር የራሱን ቁልፍ ራሱ ይፍጠር። የሚለዋወጠው የአደባባይ ቁልፉ ብቻ ነው፤ የግል ቁልፍ በቴሌግራም መላክ የተለመደ ጥፋት ነው። የአደባባይ ቁልፉንም ከላካችሁ በኋላ ስልክ ደውላችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በዋናው ቢሮ ላይ የሚፈቀዱት አድራሻዎች 10.20.30.0/24 እና የመስመሩ የራሱ አድራሻ ብቻ ይሁኑ፤ ዩዲፒ 51820 ይከፈት። ቅርንጫፉ የራሱ የሕዝብ አይፒ ከሌለው በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ አድርጉት፤ አለዚያ መሐል ያለው የአድራሻ መተርጎሚያ መስመሩን ይረሳዋል።

የዋይርጋርድ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን በባይት) በተለመደው 1420 ነው። ከሥሩ ያለው መስመር ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባበት የኢንተርኔት መስመር) ሆኖ 1492 ከሆነ 1412 አድርጉት። ይህ ሲዛባ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፒንግ ይሠራል፣ መግቢያው ይመጣል፣ ከዚያ ገጹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ትንንሾቹ ፓኬቶች አልፈው ትልልቆቹ ይወድቃሉና። ሳይከፋፈል እንዲሄድ ታዞ 1384 ባይት ያለው ፒንግ በመስመሩ ውስጥ ካለፈ 1412 ትክክል ነው።

ዋይርጋርድ የጊዜ ማህተም ስለሚያይ የቅርንጫፉ ራውተር ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ዋናው ቢሮ ሰላምታውን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ይጥለዋል። ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ጠፍቶ ሲነሣ የሚገጥመው ይህ ነው። የቅርንጫፉ ራውተር ሰዓቱን ከመስመሩ ውጪ ካለ ኤንቲፒ ይውሰድ፤ በመስመሩ ውስጥ ካለው ብቻ ከሆነ መስመሩ ሰዓቱን፣ ሰዓቱም መስመሩን ሲጠብቁ ይኖራሉ።

የቅርንጫፉን ቲን ክላየንቶች ከዋናው ቢሮ በቲኤፍቲፒ ለማስነሣት አትሞክሩ። ቲኤፍቲፒ በተለመደው 512 ባይት ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ 50 ሜጋባይት ፋይል ወደ 98,000 ምልልስ ነው። ምልልሱ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል። ከውስጥ ፍላሽ ይነሡ።

ፍተሻው

ሠራተኞች ከወጡ በኋላ አንድ ላፕቶፕ ላይ ኤክስአርዲፒ ወይም ኤስኤስኤች ሰርቨር ጫኑ፤ የሰርቨሩን ስምና አይፒ ስጡት፤ ሰርተፍኬቱን ግን በራሱ ይፈርም። እውነተኛውን ሰርቨር ነቅላችሁ ላፕቶፑን በእርሱ ፖርት ላይ ሰኩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሞዴል አንድ አንድ ቲን ክላየንት አስነሡ። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው። ከተገናኘ ምንም አልተሠራም። «ሰርተፍኬቱ አይታወቅም፣ ልቀጥል?» ካለም ወድቋል፤ ወረፋ የቆመበት ገንዘብ ተቀባይ «አዎ»ን ይጫናል። ግንኙነቱን ራሱ ዘግቶ የስህተት ቁጥር ብቻ ካሳየ አልፏል።

ሁለተኛው ፍተሻ ላፕቶፑን በአንድ ቲን ክላየንት ሶኬት ላይ ሰክታችሁ የዲኤችሲፒ አገልግሎት ማስነሣት ነው። ስዊቹ ምላሹን መጣሉን በሎጉ ላይ እዩ፤ አንድም ቲን ክላየንት ከላፕቶፑ አድራሻ መውሰድ የለበትም። በመጨረሻ እውነተኛውን ሰርቨር መልሳችሁ እንደ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቅዱ፤ 177፣ 6000፣ 5900 መጥፋት አለባቸው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት ተገቢ የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ስለሚያስገድድ፣ የፍተሻውን ቀን፣ የተሞከሩትን ሞዴሎችና ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ። የቲን ክላየንቱ ፈርምዌር በታደሰ ወይም ማሽን ወደ ፋብሪካ ቅንብር በተመለሰ ቁጥር የመጀመሪያውን ፍተሻ ድገሙት፤ የሰርተፍኬት አማራጩ ወደ «ኢግኖር» ተመልሶ የሚገኘው ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች በኋላ ነው።